ልብ በቆመ ጊዜ ደምን ስለሚያዞረው መኪና

ባለፈው ዓመት በኳስ ሜዳችን ላይ የደረሰውን ነገር ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ጨዋታው ከተጀመረ ከ20 ደቂቃ በኋላ ገደማ አንድ ጓደኛችን ኳስ ሳይነካው፣ ሰውም ሳይገፋው፣ ባለበት ተዝለፍልፎ ወደቀ። እጅና እግሩ ጥቂት ተንፈራገጠና ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ሮጠ። አንዱ ውኃ አፈሰሰበት፤ ሌላው «የሚጥል በሽታ ነው» ብሎ ክብሪት ለኩሶ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ሦስተኛው «ዘወር በሉ፣ አየር ስጡት!» እያለ ይጮኽ ነበር። መኪና ተፈልጎ እስኪመጣ ድረስ ከ20 ደቂቃ ያላነሰ ጊዜ አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እጁን በልጁ ደረት ላይ ያሳረፈ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው እኛም ከከበቡት መካከል ነበርን፤ ከእኛም ሁለቱ የሕክምና ተማሪዎች ነበሩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በጥናት ክበባችን ውስጥ አንድ ክርክር ሳይቋረጥ ቆየ። አንዱ ጓደኛችን «ይህ ልጅ በውጭ አገር ቢወድቅ ኖሮ ደሙን በመኪና አዙረው ያድኑት ነበር» ይላል። ሌላው ደግሞ «ተረት አታውራልን፤ በፔኒሲሊን እጦት ልቡ የሚበላሽ ሕፃን ባለበት አገር ስለዚያ መኪና ማውራት ቅንጦት ነው» ብሎ ይመልስለታል። ነገሩን በጩኸት ከመጨረስ ይልቅ አንብበን እንወቀው ተባባልንና የየድርሻችንን ተካፍለን አነበብን። ያገኘነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን ልብ ይበልልን።

በመጀመሪያ ልብ ምን እንደ ሆነ እናስታውስ። ልብ ፓምፕ ነው። በዕረፍት ላይ ያለ የአንድ ጎልማሳ ልብ በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ደም ይገፋል፤ ይኸውም በሰውነቱ ውስጥ ካለው ደም ሁሉ ጋር የሚተካከል መጠን ነው። ከዚህ ደም ትልቁን ድርሻ ከሚሹት አንዱ አንጎል ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 እጅ ብቻ ሲሆን ከምንስበው ኦክሲጅን ግን ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ይፈጃል፤ ለክፉ ቀን ብሎ የሚያስቀምጠው ስንቅም የለውም። ስለዚህ ልብ በቆመ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አንጎል መጎዳት ይጀምራል። እጁን ሰጥቶ ደረቱን የሚጫንለት ሰው ያላገኘ ሕመምተኛ የመዳን ዕድሉ በየደቂቃው ከመቶ ከ7 እስከ 10 እጅ እየቀነሰ ይሄዳል።

ብዙ ጊዜ «ልቡ ቆመ» ስንል ልብ ጨርሶ ዝም አለ ማለታችን አይደለም። በድንገት ከሚወድቁት ሰዎች መካከል በብዙዎቹ ላይ የሚደርሰው ልብ ሥርዓቱን አጥቶ መርገፍገፉ ነው፤ ጡንቻው ሁሉ በየፊናው ይንቀጠቀጣል እንጂ ባንድነት ተኮማትሮ ደም አይገፋም። ይህን መርገፍገፍ የሚያቆመው የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው። በመውደቂያው ሰዓት የሚታየው ጥቂት መንፈራገጥና ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ የሚሰማው የማቃሰት ትንፋሽ ሰዎችን «የሚጥል በሽታ ነው» ወይም «ይተነፍሳል» እያሰኘ እንደሚያሳስት በየመጽሐፉ ተጽፎ ስናገኝ፣ ያ የክብሪት ጭስ ትዝ አለንና እርስ በርስ ተያየን።

ደረትን በእጅ መጫን ራሱ የተገኘው በአጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ኒከርቦከር የተባለ ወጣት ተመራማሪ በውሾች ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሙከራ ሲያደርግ፣ የመሣሪያውን መያዣ በደረታቸው ላይ ሲጫን ገና ኤሌክትሪኩ ሳይለቀቅ የደማቸው ግፊት ከፍ ሲል አየ። ከኢንጂነሩ ከኩወንሆቨንና ከሐኪሙ ከጁድ ጋር ሆኖ ነገሩን አጥንተው በ1960 አሳተሙት። ደረትን መጫን የሚያስገኘው የደም ዝውውር ከጤነኛ ልብ ሥራ ከሩብ እስከ ሢሶ ቢሆን ነው። ትንሽ ነው፤ ሆኖም አንጎልን ከሞት አዘግይቶ ያቆየዋል።

እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ደረቱ እየተጫነ፣ ሦስት ጊዜና ከዚያም በላይ በኤሌክትሪክ እየተመታ፣ መድኃኒትም እየተሰጠው፣ ልቡ አሁንም የሚርገፈገፍ ሰው አለ። የዚህ ሰው ልብ እምቢ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከብዙዎቹ እንደሚታየው ልብን ራሱን የሚመግበው ደም ቅዳ ተዘግቷል። መዘጋቱን መክፈት ደግሞ በመንገድ ዳር የሚሠራ ሥራ አይደለም። እጅም ይደክማል፤ በሚሄድ አምቡላንስ ውስጥ ቆሞ መጫን ለጫኙም አደጋ ነው። በስዊድን አገር በሉንድ የተሠራው፣ ደረትን በቋሚነት የሚጫነው መሣሪያ ለዚህ ጠቅሟል። ነገር ግን ከ2,500 የሚበልጡ ሕመምተኞች በገቡበትና በ2014 በታተመው ጥናት ከሰው እጅ የበለጠ ሕይወት ሲያድን አልተገኘም። ለጉዞ ይጠቅማል፤ ከዚያ ያለፈ ተአምር የለበትም።

ሁለተኛው መንገድ ልብን ትቶ ደሙን ከውጭ ማዞር ነው። ሐሳቡ አሮጌ ነው። ጊበን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ በቦስተን ከተማ የረጋ ደም የሳንባዋን መንገድ በዘጋባት አንዲት ሴት አልጋ አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ደሟ እየጠቆረ ሲሄድ ይመለከት ነበር። ያንን የጠቆረ ደም አውጥቶ፣ ኦክሲጅን አጠጥቶ፣ መልሶ ማስገባት ቢቻል ብሎ አሰበ። ሴትዮዋ ሞተች፤ እርሱ ግን ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ሃያ ዓመት ያህል ደክሞ በ1953 በፊላዴልፊያ ለ26 ደቂቃ የአንዲት ወጣት ሴት ልብና ሳንባ በመኪናው ተተክቶ ቀዶ ጥገናው ተሳካለት። የልብና የሳንባ መኪና የምንለው ይህ ነው። በኋላም ሰው ሠራሽ ሳንባው እየተሻሻለ ሄዶ፣ ለሰዓታት ብቻ የነበረው ሥራ ለቀናትና ለሳምንታት የሚሆንበት ዘዴ ተገኘ፤ በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ሒል በአንድ ጎልማሳ፣ ባርትሌት ደግሞ አዲስ በተወለደች ሕፃን ላይ ይህን አሳዩ። የዚህ ዘዴ ስም በእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ፊደላት ኤክሞ ይባላል።

ኤክሞ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት በዝርዝር እንመልከት፤ ነገሩ ከስሙ ይቀላልና። ሐኪሙ በብሽሽት በኩል መርፌ ሰክቶ ሁለት ቱቦዎች ያስገባል። ወፍራሙ፣ እስከ 8 ሚሊሜትር የሚሰፋው፣ በደም መልሱ በኩል ወደ ላይ ወጥቶ ጫፉ ከልብ ቀኝ ክፍል አጠገብ ያርፋል። ቀጭኑ በደም ቅዳው ውስጥ ይገባል። ከወፍራሙ ቱቦ የሚመጣውን ጥቁር ደም አንድ በፍጥነት የሚሽከረከር ፓምፕ ይስበውና ወደ ሰው ሠራሹ ሳንባ ይገፋዋል። ይህ ሳንባ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ውስጣቸው ክፍት የሆኑ በሺህ የሚቆጠሩ የፕላስቲክ ክሮች ጥቅል ነው፤ በክሮቹ ውስጥ ኦክሲጅን ያልፋል፣ በውጫቸው ደም ያልፋል። ደሙ ቀልቶና ሞቆ በደም ቅዳው በኩል ይመለሳል። በዚህ ዓይነት በየደቂቃው ከ3 እስከ 5 ሊትር ማዞር ስለሚቻል የሕመምተኛው ልብ ፈጽሞ ባይሠራም አንጎሉና ኩላሊቱ ደም ያገኛሉ። ሐኪሞቹም በዚህ በተገኘው ጊዜ የተዘጋውን የልብ ደም ቅዳ ይከፍታሉ። እንግዲህ መኪናው በሽታውን አያድንም፤ የሚሰጠው ጊዜ ነው።

ይህን ዘዴ ከሆስፒታል ውጭ ለወደቁ ሰዎች በመጠቀም ስሟ በጣም የታወቀው ከተማ በአሜሪካ ሚኔሶታ የምትገኘው ሚኒያፖሊስ ናት። ያኖፑሎስ የሚባለው የልብ ሐኪምና ባልደረቦቹ ሦስት ጊዜ በኤሌክትሪክ ተመትቶ ልቡ ያልተመለሰለትን፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 75 የሆነውን፣ ወደ ሆስፒታላቸውም ከ30 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊደርስ የሚችለውን ሰው ደረቱ በመሣሪያ እየተጫነ እንዲመጣላቸው አደረጉ። ከዚያም ሕመምተኞቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ፤ ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና፣ ግማሾቹ ኤክሞን አገኙ። በ2020 የታተመው ውጤት ይህ ነው፤ በተለመደው ሕክምና ከ15 ሰዎች አንዱ ብቻ ከሆስፒታል በሕይወት ሲወጣ፣ በኤክሞ ከ14 ሰዎች ስድስቱ ወጡ። ልዩነቱ ይህን ያህል ሲሰፋ ጥናቱን መቀጠል ተገቢ አይደለም ተብሎ 30 ሰው ላይ ቆመ።

የመጀመሪያው ጓደኛችን ይህን ሲያነብ «አላልኳችሁም?» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ነገር ግን 30 ሰው ጥቂት ነው፤ ንባቡም ገና አላለቀም ነበር።

በቼክ አገር በፕራግ ከተማ ቢየሎህላቬክና ባልደረቦቹ 256 ሕመምተኞችን በዚሁ ዓይነት በዕጣ ከፍለው ተከታተሉ፤ ውጤቱም በ2022 ታተመ። ከስድስት ወር በኋላ አእምሯቸው ሳይጎዳ በሕይወት የተገኙት በአዲሱ መንገድ ከመቶ 31.5፣ በተለመደው ከመቶ 22 ነበሩ። ልዩነት አለ፤ ሆኖም በስታቲስቲክስ ሚዛን በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል ከሚባለው ገደብ አላለፈም። ከመቶ 22 ራሱ እጅግ ከፍ ያለ ቁጥር መሆኑን ግን አንባቢያችን ያስተውል። ምክንያቱ በፕራግ ከሞላ ጎደል በሁሉም ዘንድ አጠገባቸው የነበረ ሰው ሐኪም ሳይመጣ ደረታቸውን መጫን መጀመሩ ነው።

በሆላንድ ደግሞ በ10 ሆስፒታሎች 160 ሰዎች በዕጣ ተመድበው በ2023 በታተመው ጥናት አእምሯቸው ደኅና ሆኖ 30 ቀን የቆዩት በኤክሞ ከመቶ 20፣ በተለመደው ከመቶ 16 ሆኑ፤ ልዩነት የለም ማለት ነው። አንድ መኪና በሚኒያፖሊስ ብዙ አድኖ በሆላንድ የማያድነው ስለ ምን ነው? እኛ እንደሚመስለን መልሱ በሒሳቡ ውስጥ ይገኛል። 160 ሰው ለ10 ሆስፒታል ቢካፈል ለአንዱ የሚደርሰው በጥናቱ ዓመታት ሁሉ 16 ሰው ነው፤ ከእነዚህም ግማሾቹ ብቻ ናቸው ኤክሞ የተመደበላቸው። ቱቦውን ከዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚያስገባ እጅና በየሳምንቱ የሚያስገባ እጅ አንድ አይደሉም። በዚያም ላይ ልብ ከቆመበት እስከ መኪናው መነሣት ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «መኪናው ያድናል ወይስ አያድንም?» ተብሎ መቅረብ አልነበረበትም፤ «ማን፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ ያስገባዋል?» ቢባል ይሻል ነበር። የፓሪስ ሐኪሞች ይህንኑ አስበው በ2010ዎቹ ሕመምተኛውን ወደ መኪናው ከመውሰድ ይልቅ መኪናውን ወደ ሕመምተኛው መውሰድ ጀመሩ፤ በመንገድ ላይ፣ አልፎም በሉቭር ሙዝየም ውስጥ ወለል ላይ ተንበርክከው ቱቦ አስገብተዋል።

ጊዜን የሚያሸንፍ አንድ ነገር ቢኖር ብርድ ነው። በ1999 በሰሜን ኖርዌይ በበረዶ ላይ ስትንሸራተት የወደቀች አንዲት ስዊድናዊት ሐኪም በረዶ በሸፈነው ጅረት ውስጥ 80 ደቂቃ ቆየች፤ በከፊሉ ጊዜ በበረዶውና በውኃው መካከል ባገኘችው አየር ስትተነፍስ ነበር። ስትወጣ ልቧ ቆሟል፤ የሰውነቷ ሙቀት እስከ 13.7 ዲግሪ ወርዶ ነበር። በትሮምሶ ሆስፒታል ደሟን በልብና ሳንባ መኪና እያዞሩ አሞቁት፤ ዳነችና ወደ ሐኪምነት ሥራዋ ተመለሰች። የቀዘቀዘ አንጎል የሚሻው ኦክሲጅን ጥቂት ስለ ሆነ ነው። እኛ ግን በፀሐይ የሚወድቁ ሰዎች አገር ነን።

እስካሁን የተናገርነው ልባቸው አልመለስ ስላላቸው ነው። ልቡ ተመልሶ ነገር ግን ደክሞ ደም መግፋት የተሳነውስ? ለዚህም መኪናዎች አሉ። የመጀመሪያው ካንትሮዊትዝ በ1967 በብሩክሊን በሰው ላይ የሞከረው ፊኛ ነው፤ በትልቁ ደም ቅዳ ውስጥ ተቀምጦ ልብ ሲያርፍ ይነፋል፣ ልብ ሲገፋ ይሟሽሻል። ለአርባ ዓመት ያህል ሐኪሞች ሲያምኑበት ቆይተው፣ በጀርመን 600 የልብ ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው በ2012 ሲመዘን የሞቱት በፊኛው ከመቶ 39.7፣ ያለ ፊኛው ከመቶ 41.3 ሆኑ። አርባ ዓመት የታመነበት ነገር በአንድ ጥናት እንዲህ ሲቀል ማየት ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው የእርሳስ ውፍረት እንኳ የማይሞላ ፓምፕ ነው። በብሽሽት ገብቶ እስከ ግራው የልብ ክፍል ይደርሳል፤ በውስጡ ያለው ጠመዝማዛ በደቂቃ ከ40 ሺህ ጊዜ በላይ እየዞረ ደሙን ከልብ ወደ ደም ቅዳው ይገፋል። የዚህ ነገር አመጣጥ አስደስቶናል። ዋምፕለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1976 በግብፅ በአንድ መንደር ገበሬዎች የዓባይን ውኃ በአርኪሜዲስ ጠመዝማዛ ወደ እርሻቸው ሲያወጡ አይቶ ሐሳቡን ከዚያ ወሰደ፤ የእርሱ ፓምፕ በ1988 በሰው ላይ ተሞከረ፤ የዛሬው ኢምፔላ የሚባለው የዚያ ተከታይ ነው። በ2024 በታተመው የዴንማርክና የጀርመን ሐኪሞች ጥናት፣ በልብ ደም ቅዳ መዘጋት ልባቸው ከደከመ 355 ሰዎች መካከል በ180 ቀን ውስጥ የሞቱት በፓምፑ ከመቶ 45.8፣ ያለ ፓምፑ ከመቶ 58.5 ነበሩ። ትልቅ ውጤት ነው። ነገር ግን ጥናቱ ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው ቆሞ ራሳቸውን ሳያውቁ የመጡትን ሕመምተኞች አላስገባም፤ ስለዚህ የእኛን የኳስ ሜዳ ጥያቄ አይመልስም። በ2023 የታተመው የኤክሞ ጥናት ግን እነዚህን አስገብቷል፤ ከሕመምተኞቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ልባቸው ቆሞ የተመለሰላቸው ነበሩ። በ30 ቀን የሞቱት በኤክሞ ከመቶ 47.8፣ ያለ ኤክሞ ከመቶ 49 ሆኑ። በዚሁ ጥናት ብርቱ መድማት ከመቶ 9.6 ወደ 23.4 ከፍ አለ።

ይህ መድማት የሚያስገርም አይደለም። ደም በፕላስቲክ ውስጥ ሲያልፍ እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል፤ ደረቱ ሲጫን የጎድን አጥንቱ የተሰበረ ሰው ደግሞ ከውስጥ ይደማል። ቱቦው የእግሩን ደም ቅዳ ስለሚሞላው እግሩ ደም ያጣል፤ ሌላ ቀጭን ቱቦ ወደ ታች ካልተጨመረለት እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የኤክሞ ደም ከብሽሽት ተነሥቶ ሽቅብ መሄዱ ነው። የደከመው ልብ ቁልቁል ሊገፋ ሲል ሽቅብ የሚመጣው ይቃወመዋል፤ ግራው ክፍል ይወጠራል፣ ደሙ ይረጋል፣ ሳንባው በውኃ ይሞላል። አንዳንድ ሐኪሞች ይህን ለማቃለል ያንን ትንሽ ፓምፕ ከኤክሞው ጋር አብረው ያስገባሉ። ልብን ለመርዳት የገባ መኪና ልብን ሲያስጨንቅ ማለት ነው።

በክበባችን ከቁጥሩ ሁሉ ይልቅ ያከራከረን ሌላ ነገር ነው። ከጥንት ጀምሮ ልብ ሲቆም ለቅሶ ይጀመራል። አሁን ግን ልቡ ቆሞ ደሙ የሚዞር፣ አካሉ የሚሞቅ፣ አንጎሉ ግን ምናልባት የሞተ ሰው አልጋ ላይ አለ። ሐኪሞቹ ሳይቸኩሉ፣ ብዙ ጊዜ 72 ሰዓትና ከዚያ በላይ ጠብቀው፣ የዓይኑን ብሌን፣ የአንጎሉን ኤሌክትሪክና ምስል መርምረው ይፈርዳሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው መኪናውን ማቆም አለበት። በዚህ ላይ ከእኛ አንዷ የተናገረችውን እንጻፍ፤ «እናቱ እጁን ይዛ ሙቀቱ ሲሰማት፣ ልጅሽ ሞቷል ብሎ የሚነግራት ማን ነው?» አለች። መልስ የሰጣት አልነበረም። መኪናውን የሚገዛ ሁሉ ይህንንም ንግግር አብሮ መግዛቱን ማወቅ ይገባዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ልብ ተከፍቶ ሲታከም የልብና የሳንባ መኪና ይሠራል። ስለዚህ መኪናው ለባለሙያዎቻችን እንግዳ አይደለም። ሆኖም ሁለተኛው ጓደኛችን ስለ ፔኒሲሊን የተናገረው እውነት ነው፤ በወጣቶቻችን ዘንድ የልብ በር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ነው፤ ያንን ደግሞ ርካሽ መርፌ ይከላከለዋል። የመጀመሪያውም ጓደኛችን ቢሆን በአንድ ነገር ተረትቷል። በሚኒያፖሊስ ቢወድቅ እንኳ ያ ልጅ 20 ደቂቃ እጅ ሳይነካው ቢተኛ ኖሮ መኪናው የሚያዞረው ደም ወደ ሞተ አንጎል ይሄድ ነበር። ፕራግ ያላትና እኛ በዚያን ቀን ያልነበረን ነገር ዋጋው ምንም ነው።

ስለዚህ እንዴት እንደሚደረግ እንጻፈው። የወደቀው ሰው ሲጠሩት ካልሰማ፣ ትንፋሹም ከሌለ ወይም አልፎ አልፎ የሚያቃስት ብቻ ከሆነ፣ አንዱ ለአምቡላንስ ይደውል። ሌላው በጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አስተኝቶ፣ የአንድ እጁን መዳፍ ሥር በደረቱ አጥንት መካከል ላይ አድርጎ፣ ሁለተኛውን እጁን በላዩ ደርቦ፣ ክርኑን ሳያጥፍ 5 ሴንቲሜትር ያህል፣ ከ6 ሳያሳልፍ፣ ይጫን። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መሆን አለበት፤ በየመካከሉ ደረቱ ወደ ቦታው እንዲመለስ ይልቀቀው። በየሁለት ደቂቃው ሰው ይተካ፤ ብርቱ ነኝ የሚል ሰው እንኳ ሳያውቀው ይደክማል። አጥንት ሲሰበር ቢሰማችሁ አታቁሙ።

ሁለቱ የሕክምና ተማሪዎች ጓደኞቻችን ይህን በየሳምንቱ ዓርብ ከቀኑ በ11 ሰዓት፣ ከኳስ ሜዳው አጠገብ ባለው ዛፍ ሥር፣ ጭድ በሞላንበት ጆንያ ላይ ያለማምዳሉ። ጆንያው አንድ ብቻ ስለ ሆነ ትርፍ ያለው ይዞ ይምጣ።